ሰውዬው ሻይ ቤት ነው

ልብስ ሰፊው ጨርቅ መቁረጥ አይፈራም። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ትልቁን መቀስ ሲያስገባ እጁ አይንቀጠቀጥም። ጨርቅ ገና ምንም አልሆነም፤ ቢበላሽ የተበላሸው ጨርቅ ነው። እሱ የሚፈራው መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ነው። ኮቱ ተሰፍቶ፣ ገበሩ ገብቶ፣ ካውያ ተመትቶ፣ ሰው ለመምሰል ትንሽ ሲቀረው፣ ያንን ያለቀ ልብስ ደረቱ ላይ በመቀስ መብሳት አለ። የቁልፍ ቀዳዳ የሚወጣው እንዲህ ነው። መቀሱ ትንሽ ካለፈ ጨርቁ ተመልሶ አይገጥምም።

ስለዚህ ቀዳዳ የምታወጣው ባለቤቱ ነበረች። ከተጋቡ ጀምሮ ሥራው የተከፈለው እንዲህ ነው፤ ቁጭ ብለው የተነጋገሩበት ቀን የለም። እሱ ያለቀውን ልብስ አጥፎ መስኮቱ ስር ያለው ወንበሯ ላይ ያስቀምጣል፤ "በይ እንግዲህ" ይላል፤ ከዚያ ደረጃውን ወርዶ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ይቀመጣል። ሲመለስ ቀዳዳዎቹ በየቦታቸው ተሰልፈው ይጠብቁታል። ስትቀድ አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። ለምን እንደሚወርድ የጠየቀው ሰው ካለ፣ ሻይ ስለምወድ ነው ይላል።

ባለቤቱ ባለፈው ዓመት ልቧ ደክሞ አረፈች። ሐዘንተኛው ተበትኖ ሱቁን እንደከፈተ የመጀመሪያ ሥራው ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ኮት ነበር። ሰፍቶ ጨረሰ፣ አጠፈ፣ ወንበሯ ላይ አስቀመጠ፣ "በይ እንግዲህ" አለ፣ ወርዶ ሻዩን ጠጣ። ተመልሶ ሲያየው ቀዳዳ የለውም። ትንሽ ቆሞ አየው። በማግስቱም ያንኑ ደገመው። መሞቷን ረስቶት አይደለም፤ ራሱ ነው የቀበራት። ለእግሩ ግን የነገረው አልነበረም።

በስተመጨረሻ ኮቱ ላይ ዚፕ አደረገበት።

"ይሄ ኮት ነው ሻንጣ?" አሉ ዳይሬክተሩ፣ መስታወት ፊት ቆመው ወደ ላይና ወደ ታች እየጎተቱ።

"ለንፋስ ጥሩ ነው።"

"እኔ ስለ ንፋስ መቼ ነገርኩህ?"

"ሲመጣ ያመሰግኑኛል።"

ዳይሬክተሩ መስኮቱ ስር ያለውን ባዶ ወንበር አዩ፣ እሱን አዩ፣ ዚፑን እስከ አንገታቸው ዘግተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሸሚዙም፣ የጥበቃው ዩኒፎርምም፣ የአሮጊቷ ሹራብ ሳይቀር ዚፕ ሆነ። ለአንድ ሙሽራ ዚፕ ማድረግ ከበደውና በውስጥ በኩል መንጠቆ ሰፋለት። ሙሽራው ፎቶ ሲነሳ ትንፋሹን ይዞ ነበር አሉ። ሰፈሩ "ዚፑ" የሚል ስም አወጣለት። ሰምቷል። ከዚህ የባሰ ስም ያላቸው ሰዎች ያውቃል።

ዚፕ የማይሆንበት አንድ ልብስ ብቻ ነበር። በሩ ጀርባ አንሶላ ተሸፍኖ የተሰቀለ ወፍራም ሰማያዊ ካፖርት። አዋላጅነት ለምትማረው ለልጃቸው የተሰፋ ነው። እናትየዋ፣ "ስትመረቅ ብርድ አገር ነው የሚመድቧት፤ እኔን ስሙኝ" ብላ ቀዳዳውን ጀምራው ነበር። ከአምስቱ ሦስቱን አወጣች፤ አራተኛውንና አምስተኛውን በነጭ ክር ምልክት አድርጋ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ ብላ ተኛች። የዚያን ጊዜ ነው የታመመችው።

ልጅቷ ተመረቀች። ብርድ አገር ተመደበች። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት መጥታ አንሶላውን ገለጠች።

"አባዬ፣ ካፖርቴን ልወስድ ነው።"

"አላለቀም።"

"ጨርሰዋ።"

"እኔ የምለው፣ ከስር በኩል ትንሽ ዚፕ..."

"አባዬ።"

"ሐሳብ ነው ያቀረብኩት።"

ባለፈው ሳምንት ቀዳዳ የሚያወጣ መኪና ያለው ሱቅ ወስዶት እንደነበር ነገራት። ባለ መኪናው ካፖርቱን ገልብጦ አይቶ፣ እንዲመሳሰል ሦስቱን እንተርትርና አምስቱንም በአዲስ እናውጣቸው አለው። ልብስ ሰፊው አመስግኖ ካፖርቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አያልፍም።

"አንተው ቅደደዋ።"

"ቢበላሽስ?" አለ። "የኔ ቢበላሽ የእሷም ሦስቱ አብረው ነው የሚበላሹት። ሌላ የእጇ ሥራ እኔ ዘንድ የለም። ሁሉም ሰው ደረት ላይ ነው ያለው።"

ልጅቷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ካፖርቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሦስተኛውን ቀዳዳ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"እማዬም ትፈራ ነበር እኮ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ስትቀድ እያየኋት ነበራ። ትንሽ ሆኜ ጠረጴዛው ስር በማግኔት መርፌ ስለቅም።"

"እሷ አትፈራም። እኔ ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ነው የምትቀደው።"

"ጨርሰህ እስክትወጣ ትጠብቅሃለች እንጂ። መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች። ትቀመጣለች። ከዚያ መቀሱን ሳታነሳ ያለውን ትጠራለች።"

"ምን ያለውን?"

"ያለውን ነገር ነዋ። 'ብርሃን አለ፣ ተመስገን። መቀሱ ስል ነው፣ ተመስገን። ክሩ ጠንካራ ነው፣ ተመስገን። ሰውዬው ሻይ ቤት ነው፣ ተመስገን።'"

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ሻይ ቤት ነው ብላ?"

"እሱ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይደምቃል።"

"እሺ። ከዚያስ?"

"ከዚያ እጇ የሚሠራውን ብቻ ትናገራለች። 'አጠፍኩ። በሳሁ። ከፈትኩ። አሁን አንድ ስፌት። አሁን ደግሞ አንድ።' ስለ ሌላ ነገር አታወራም። አንድ ቀን ድስት ጥዳ ቤቱ በጢስ ሲሞላ፣ 'ድስቱ አረረ' አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።"

"ድስቱን አስታውሰዋለሁ" አለ ልብስ ሰፊው።

ልጅቷ ካፖርቱን አጥፋ የእናቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሻንጣዋን ልታሰናዳ ከሱቁ ኋላ ወዳለው መኖሪያቸው ስትገባ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ "ሻይ ቤት እንዳትሄድ" አለችው።

እጁን ታጠበ። ፎጣውን አጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ እግሩ እንደ ልማዱ ተነሣና ደረጃው አፍ ላይ አደረሰው። ሻይ ቤቱን የያዙት እትዬ ከማዶ አይተውት ብርጭቆ አነሡ።

"ና፣ ቀድቼልሃለሁ።"

"ዛሬ አልወርድም፣ እትዬ።"

"ምነው፣ አመመህ?"

"ሥራ አለኝ።"

"አንተ ድሮስ ሥራ ሲኖርህ አይደል የምትወርደው?"

ተመልሶ ገባ።

የባለቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ከእሱ ወንበር ዝቅ ይላል፤ ትራሱ በአንድ በኩል ሰርጉዷል። ብርሃኑ በግራ ትከሻ በኩል ይመጣል። ቀና ሲል ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ሻይ ቤቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ በሩ፣ ማንቆርቆሪያው፣ እሱ ሁልጊዜ የሚቀመጥባት የግድግዳ ጥግ ወንበር ሳትቀር። ያቺ የእሱ ወንበር ዛሬ ባዶ ናት። ለካ ባለቤቱ ስትሠራ ታየው ኖሯል። ይህንን ማንም አልነገረውም፤ ልጅቷም ጠረጴዛው ስር ስለነበረች አታውቅም።

"ብርሃን አለ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "ተመስገን።"

"መቀሱ ስል ነው፣ ተመስገን። ክሩ ጠንካራ ነው፣ ተመስገን።"

አራተኛው ምስጋና ላይ ቆመ። ባዶዋን ወንበር በመስኮቱ አየ።

"ሰውዬው እዚህ ነው" አለ። ቀጥሎ ያለውን ለማለት ጊዜ ወሰደበት። "ይሁን። ተመስገን።"

ጨርቁን በነጩ ክር ላይ አጠፈው። "አጠፍኩ" አለ። "እጄ ይንቀጠቀጣል" ብሎም ጨመረ፣ እጁ እየሠራ የነበረው እሱን ስለሆነ። እስኪያቆም ጠበቀው። አላቆመም። እየተንቀጠቀጠ በሳው።

መቀሱ ካፖርቱ ውስጥ ሲገባ የወጣው ድምፅ ትንሽ ነው። ይሄን ያህል ዘመን ደረጃ ያስወረደው ይህች ድምፅ ናት።

"ከፈትኩ" አለ። "አሁን አንድ ስፌት። አሁን ደግሞ አንድ።" መንገድ ላይ መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ "ጡሩምባ" አለና ቀጠለ። አንድ ጊዜ እሷ ስለተኛችበት ሐኪም ቤት ኮሪደር ማሰብ ጀመረ፤ ስፌቱ ወዲያው ጠመመ። ፈትቶ መለሰው። "አሁን አንድ።"

ሁለቱን ጨርሶ ከእሷ ሦስቱ ጋር ሲያስተያያቸው አራተኛው በፀጉር ውፍረት ያህል ያጥራል፤ አምስተኛው ይሻላል። የእሷ ስፌት እንደ ሩዝ ፍሬ ተደርድሯል። የእሱ ያው ሩዝ ሆኖ ሳይለቀም የተቀቀለ ይመስላል።

ልጅቷ ለብሳው ከላይ ጀምራ ቆለፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለፉ። አራተኛው ላይ ታገለች።

"ይጠብቃል።"

"ይለምዳል።"

አምስተኛውን ቆልፋ እጇን ደረቷ ላይ ከላይ ወደ ታች አሳለፈችው። "የትኛው የማን እንደሆነ ያስታውቃል" አለች።

"ያስታውቃል።"

"ጥሩ" አለች። ቤቱ ሞቃት ነበር፤ አላወለቀችውም። እንደለበሰችው ሻንጣዋን ለመዝጋት ገባች።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። እትዬ ናቸው፤ ብርጭቆውን በሰሐን ከድነው ይዘው ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ።

"የተቀዳ ሻይ አልደፋም። እንካ።"

ተቀብሎ እዚያው የባለቤቱ ወንበር ላይ እንዳለ ፉት አለ። ብርጭቆውን ከአፉ አራቀና አየው።

"እትዬ፣ ስኳር አብዝተዋል።"

"ስትጠጣው የኖርከው ነው።"

"ይሄን ያህል ይጣፍጥ ነበር?"

"አንተ መቼ ቀምሰኸው ታውቃለህ" አሉ እትዬ፣ በሩን ተደግፈው። "አፍህ ብርጭቆው ላይ፣ ዓይንህ ከታች ሆኖ ከመስታወቷ ሌላ ምንም የማይታይባት ይቺ መስኮት ላይ።"

ልብስ ሰፊው ወደ መስኮቱ አልዞረም። ሻዩን እስከ አተላው ጠጣው፤ ቀስ ብሎ፣ አሁን አንድ፣ አሁን ደግሞ አንድ እያለ።

"ዳይሬክተሩን ካዩዋቸው ያቺን ኮት ይላኩልኝ ይበሏቸው" አለ ብርጭቆውን ሲመልስ።

"እነግራቸዋለሁ። ነገ ትወርዳለህ?"

"ሥራ ከሌለኝ።"