ሸንኮራና የፈረሴ ጀርባ
ፈረሴ በግራ የኋላ እግሩ ማነከስ ሲጀምር የሰፈራችን የሰቶ ሰመሮ ባለጋሪ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዱ ኮቴውን ያያል፣ ሌላው ጉልበቱን ይዳብሳል። በኛ ዘንድ ያነከሰ ፈረስ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የጋለ ብረት። ተተኩሶም ካልዳነ ሜዳ ላይ ይለቀቃል፣ ከዚያ ለጅብ ነው። ስንቱን ሲለቁ አይቻለሁ! የኔን ግን ወላሂ አልችልም። ከአጋሮ ገዝቼ ያመጣሁት፣ ልጆቼን ያሳደገልኝ ፈረስ ነው።

ጎረቤቴ፣ እሱም ባለጋሪ ነው፣ ብረቱን እሳት ውስጥ ከቶ ጨርሷል። ባለቤቴ መጥታ ፈረሱ ፊት ተገተረች።

«መጀመሪያ እኔን ተኩሱኝ!»

እሷ እንዲህ ካለች አለቀ። ብረቱ ቀዘቀዘ፣ እኔም ፈረሴን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዤ አዘገምኩ።

ሐኪሟ ከደቡብ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። እግሩን አይታ አይታ ተወችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ አከርካሪውን ግራና ቀኝ እየተጫነች ወደ ወገቡ ወረደች። ኮርቻው የሚያርፍበት ጋ ስትደርስ ፈረሴ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ አቃሰተ።

«አባባ፣ እግሩ ደህና ነው። የሚያመው ጀርባው ነው፤ ስለሚያመው ነው እርምጃውን የሚያሳጥረው» አለችኝ።

«ታዲያ ጀርባ በምን ይታከማል?»

«በእረፍት፣ በማሸት፣ ደግሞ በሸንኮራ።»

የምትቀልድብኝ መሰለኝ። ከኮርቻው ሥር ያለውን ድብዳብ ገልብጣ አሳየችኝ፤ ገለባው ጠጥሮ አከርካሪው ላይ ቁጭ ብሏል። አከርካሪውን እንዳይነካ መሃሉ ክፍት ሆኖ እንደገና እንዲሰፋ አዘዘች። ሸንኮራውን ደግሞ እኔ ጎኑ አጠገብ እይዛለሁ፤ እሱ ካለበት ሳይንቀሳቀስ አንገቱን አዙሮ ይነክሳል፤ ጀርባው የሚፍታታው እንደዚያ ነው። በቀኝ በኩል ወዲያው ነከሰ። በግራ ግን «ኮቱ፣ ና የኔ ጌታ» ብዬ ብለምነው አልቻለም።

ሰፈሩ ሳቀብኝ። «ፈረሱን ስፖርት ያሠራዋል!» ጎረቤቴማ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «አሠልጣኝ፣ ዋንጫው መቼ ነው?» ይለኛል። አንድ ቀን በሸንኮራው ልለው ምንም አልቀረኝም! ግን ጠዋት ማታ አሸሁት፣ ለመንኩት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ሸንኮራውን ከእጄ ቀማኝ። አልሐምዱሊላህ! ባለቤቴን ጮኼ ጠራኋት፤ ደግሞ እንዲያደርገው ሁለታችንም ለመንነው።

ዛሬ እርምጃው ተስተካክሏል። ቡና በጆንያ አላስጭነውም፤ ሰው ብቻ፣ እሱንም ቀለል አድርጌ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ደጄ መጣ። ፈረሱ ከኋላው እያነከሰ ይከተለዋል፤ እሱ በብብቱ ሸንኮራ ይዟል።

«አሠልጣኝ» አለኝ፤ አሁን አልሳቀም። «በየትኛው ጎን ነው የሚጀመረው?»