አሰልቺዋ የሒሳብ አስተማሪ

የቫዱ ሰራት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሒሳብ አስተማሪያቸውን ስቴሊያና ኦላሩን «ፍሪጅ» ነበር የሚሏት። ስታስተምር ድምጿ ከፍም ዝቅም ሳይል እንደ ፍሪጅ ሞተር ባንድ ዜማ ይሄዳል፤ ፊቷ ላይም ሙቀት የሚባል ነገር አይታይም። ስሙ እንደወጣላት ታውቃለች። ባሏ ጄሉ አንድ ቀን፣ «ምናለ አንዴ እንኳ ብትቆጪያቸው?» ቢላት፣

«ፍሪጅ ጥሩ ዕቃ ነው» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ከግድግዳው ወዲያ የሚያስተምረው ደግሞ ሊቪዩ ጋቭሪላሽ ነበር። እሱም የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ከተማው ግን የሚያውቀው በጨዋታው ነው። አንዳንዴ ጊታር ይዞ ክፍል ይገባል። የድሮ የሒሳብ ሊቃውንት ከሚስቶቻቸው ጋር እንዴት እንደተጣሉ አብሮ የኖረ ይመስል ይተርካል። ማርክ ላይ እጁ አይሰስትም። ሳቁ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ የስቴሊያና ተማሪዎች እስር ቤት ሆኖ የሰርግ ዘፈን እንደሚሰማ ሰው ወደዚያ ይዞራሉ። እሷም ሳቁ እስኪያልቅ ዝም ብላ ትጠብቅና ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች።

የማስተማር ዘዴዋ አንድ ብቻ ነበር። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲሳሳት ስህተቱን አታጠፋም። «እዚህ እንዴት ደረስክ?» ትለዋለች።

«እንጃ፣ ቲቸር።»

«ወደ ኋላ ተመለስና ፈልገው።»

ልጁ መስመር በመስመር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ክፍሉ ያዛጋል። ስህተቱ እስኪገኝ ልጁ አይቀመጥም፤ አንዳንዴ ክፍለ ጊዜው በዚሁ ያልቃል። ይህን ከማንም አልተማረችውም። እሷ ራሷ ልጅ ሳለች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ የሒሳብ አስተማሪያቸው ታመመና ምትክ ተብሎ የስፖርት አስተማሪው ተላከላቸው። ዓመቱን የእጅ ኳስ ሲጫወቱ ከረሙ። «ባክ» የሚሉትን የመጨረሻውን ፈተና ወደቀችና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። ከማሽኖቹ ጫጫታ መሃል ለብቻዋ እያነበበች፣ የተሳሳተችበትን ቦታ እየፈለገች፣ በዓመቱ አለፈች። ፈጣን ጭንቅላት እንደሌላት ያን ጊዜ አረጋግጣለች። ስለዚህ ስታስተምር ለራሷ እንደምታስረዳ አድርጋ ነበር።

ድሮ የሁለቱ አስተማሪዎች ልዩነት ለማንም አይታይም ነበር። ፈተና ሲደርስ ወላጆች ለፈታኞቹ ምሳ ያዘጋጃሉ፤ ከምሳው በኋላ ፈታኞቹ በመስኮት የውጪውን ዛፍ ሲያዩ ይውላሉ፤ ሁሉም ተማሪ ያልፋል። ኋላ ግን በየፈተናው ክፍል ካሜራ ተሰቀለ። ካሜራ ምሳ አይበላም።

ካሜራው በገባ ዓመት ከስቴሊያና ክፍል ጥቂቶች ብቻ ወደቁ፤ ከሊቪዩ ክፍል ጥቂቶች ብቻ አለፉ። በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው ሆነ። ይሄኔ ርዕሰ መምህሯ ኦሊምፒያ ቼርናት ከአውራጃው ኢንስፔክተር አስጠራች። ኢንስፔክተሩ ሊቪዩ ክፍል ገብተው ከሳቅ ብዛት እንባቸውን እየጠረጉ ወጡና «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ፈረሙለት። ስቴሊያና ክፍል ሲገቡ አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ የጠፋበትን ነገር ሲፈልግ አገኙት። ሲወጡም እየፈለገ ነበር። ለሷ «አጥጋቢ» ጻፉላት።

ከዚያ ሁሉም ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ተሰበሰቡ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ ኢንስፔክተሩ። «መምህር ሊቪዩን የመሰለ አስተማሪ ይዘን ውጤቱ እንዲህ ከሆነ ችግሩ ከተማሪው ነው።»

«ጎበዝ ጎበዞቹ አንቺ ጋ ደርሰውሽ ነው፣ ስቴሊያና» አለች ኦሊምፒያ።

«ልጆቹ የተመደቡት በስማቸው ፊደል ተራ ነው» አለች ስቴሊያና።

«ፊደልም ዕድል አለው።»

ሊቪዩ ጫማውን ያይ ነበር። በዚሁ ተወሰነ፤ በመስከረም ሁለቱ ክፍሎች አሥራ ሁለተኛ ሲገቡ አስተማሪዎቹ ይቀያየራሉ። ስቴሊያና ሦስት ዓመት ያስተማረቻቸው የ«ሀ» ልጆች ለሊቪዩ ይሰጣሉ፤ ሦስት ዓመት ሲስቁ የከረሙት የ«ለ» ልጆች ደግሞ ለሷ።

ወሬው ሲሰማ አሥራ ሁለተኛ ሀ አጨበጨበ። ጭብጨባውን ስቴሊያና ኮሪደር ላይ ሆና ሰማችው። ቤቷ ስትገባ ራት አልበላም አለች። ጄሉ ምን ሆነሽ ቢላት «ምንም» አለችው። እሱም ማማሊጋ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ብቻውን በላ።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለተኛ ለ ስትገባ ሁሉም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ጠበቋት። ነገሩን ያቀናበረው የባለ ልኳንዳው ልጅ ዩስቲን ቤዣን ነው። ቁመቱ ረዥም፣ ምላሱም ረዥም ነበር።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ስቴሊያና።

«ሒሳባችን፣ ቲቸር» አለ ዩስቲን።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያረፈው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስቴሊያና ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት እንደሚሆን ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አዘዘች። ወረቀቶቹን ሰብስባ እዚያው ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። አብዛኞቹ ሁለት አምስተኛ ነው ብለዋል። አንዱ ጥያቄው ከፖለቲካ አመለካከቱ ጋር እንደማይሄድ ጽፏል።

«ከሞተ ቆይቷል» አለችና የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ጀመረች።

ባንድ ወር ጊዜ ውስጥ ወላጅ መጣ። አቶ ቤዣን የልኳንዳ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ አስተማሪዎቹ ክፍል ገብተው ፊቷ ቆሙ።

«ልጄ ከመምህር ሊቪዩ ጋር ከአሥር ዘጠኝ ነበር የሚያገኘው። እርስዎ ሦስት ሰጡት!»

«ዘጠኙን ማን ሰጠው?»

«መምህር ሊቪዩ ነዋ!»

«ሦስቱን ማንም አልሰጠውም። ራሱ ነው ያገኘው።»

«ይኼ ምን ማለት ነው?»

«ሥጋ ሲመዝኑ ሚዛኑ ላይ ጣትዎን ያሳርፋሉ?»

«እኔ?» ሰውየው ደማቸው ፈላ። «ሃያ ዓመት ስሠራ አንድ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም!»

«እኔም አላሳርፍም» አለች ስቴሊያና።

አቶ ቤዣን ሽርጣቸውን አስተካከሉና ደህና ዋሉ ብለው ወጡ። ልጃቸውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቴሊያና ከሰዓት በኋላ የምትሰጠው ተጨማሪ ትምህርት እንዲገባ አዘዙት።

ተጨማሪ ትምህርቱ ማሞቂያው ከጠፋ በኋላ ስለሚሰጥ ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር የሚማሩት። መጀመሪያ አምስት ሆነው ገቡ፤ የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ግማሹ ክፍል ሆኑ። በየቀኑ ሳያሰልስ የሚመጣው ግን አንድ ሰው ነበር፦ ሲንዚያና የምትባል ዝምተኛ ልጅ። በቃሏ ሁሉን ታውቃለች፤ የምታውቀው ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ሊቪዩ ሁልጊዜ አሥር ከአሥር ይሰጣት ስለነበር እስካሁን የጠየቃት አልነበረም።

ዩስቲን እየመጣ ይቀልድ ነበር። በየካቲት አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ወጣና እንደልማዱ የማይሆን መልስ አገኘ።

«እዚህ እንዴት ደረስክ?»

«ቲቸር፣ ደግሞ ጀመሩ! ውጪው በረዶ ነው፣ ለሰው ይዘኑ እንጂ።»

«ተመለስ።»

ተመለሰ። አንድ መስመር፣ ሌላ መስመር። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጠመኔው ቆመ። ቅንፉ ፊት የመቀነስ ምልክት አለ፤ ቅንፉን ሲፈታ የመጀመሪያውን ምልክት ቀይሮ ሁለተኛውን ረስቶታል።

«ይቺ?» አለ። ዞሮ አያት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስታሰቃየኝ የኖረችው ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

ዩስቲን ምልክቷን ለረዥም ጊዜ ቆሞ አያት፤ ሰው የሰረቀውን ሌባ እንደሚያይ። በዚያ ቀን ሌላ ቀልድ አልቀለደም። ስቴሊያናም ወደ ቤቷ ስትሄድ በበረዶው ላይ ቀስ እያለች፣ ያለወትሮዋ የዳቦ ቤቱን መስኮት እያየች ሄደች።

የቀድሞ ልጆቿ ግን ከግድግዳው ወዲያ ሲስቁ ስትሰማ ያማት ነበር። በመጋቢት አንድ ጠዋት ሳቁ ሲበርድ ከነሱ መሃል የአንዲት ልጅ ድምፅ ተሰማት።

«ቲቸር፣ እዚህ መስመር ላይ እንዴት ደረስን?»

«በአውቶቡስ!» አለ ሊቪዩ። ክፍሉ ሳቀ።

«እሺ፣ ግን እንዴት ደረስን?»

ከዚያ የጠመኔ ድምፅ መጣ፤ ልጅቷ ራሷ ሰሌዳው ላይ ወጥታ ወደ ኋላ እየተመለሰች ነበር። ስቴሊያና ወደ ግድግዳው ዞራ መቆሟን ያወቀችው ዩስቲን «ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» ሲላት ነው።

ውጤቱ በሐምሌ መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ሊቪዩ የተረከበው አሥራ ሁለተኛ ሀ ከሁለት ልጆች በቀር ሁሉም አለፈ። አሥራ ሁለተኛ ለ ግማሹ አለፈ፤ ዩስቲንም በሒሳብ አምስት ከምናምን አግኝቶ ለጥቂት አለፈ። ሲንዚያና ወደቀች። በሩ አጠገብ ቆማ ስሟን ደጋግማ አነበበች፤ አላለቀሰችም፤ ብቻ ሰዎች እንዲያልፉ ጠጋ አለች።

ኦሊምፒያ ደስታዋን አልቻለችውም። «ይኸው! ጥሩ ልጅ ከጥሩ አስተማሪ ጋር ሲገናኝ ውጤቱ ይኼ ነው» አለች። በባህል አዳራሹ ለሊቪዩ የዓመቱ ምርጥ መምህር የሚል ዲፕሎማና የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ተሰጠው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባንድ ጡሩምባውን ነፋ። ስቴሊያናን «ጥረትሽን እናደንቃለን» አሏት። እሷም እኩል አጨበጨበች። ሊቪዩ መድረክ ላይ ወጥቶ አመሰግናለሁ ብሎ ብቻ ወረደ። ሰው ሁሉ አሞት ነው ብሎ አሰበ።

በማግስቱ ከሰዓት ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቤቷ መጣ።

«ስቴሊያና፣ ይኼ ያንቺ ነው።»

«አለን።»

«ማንቆርቆሪያው አይደለም፤ ሽልማቱ። አንቺ ሦስት ዓመት ያሳደግሻቸውን ልጆች ነው እኔ በር ድረስ የሸኘሁት። ይኼን ሁለታችንም እናውቃለን።»

«ጄሉም ያውቃል» አለች።

ጄሉ ከጓሮ፣ ከንብ ቀፎዎቹ መሃል፣ «አውቃለሁ!» አለ።

ሊቪዩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያለወትሮው ቃል ይፈልግ ጀመር። «እነዚያ የወደቁት የኔ ልጆች ናቸው። ይወዱኝ ነበር። እኔም እወዳቸው ነበር። አሁን እንዴት አድርጌ... በመስከረም አንቺ ክፍል ልቀመጥ ትፈቅጂልኛለሽ?»

«ከኋላ ተቀመጥ» አለች ስቴሊያና። «እንዳታስቃቸው።»

«እሺ።»

«እስከዚያው ቅዳሜ ና። ሲንዚያና ለነሐሴው ፈተና ትመጣለች። እኔ ሳስረዳት ትፈራለች፤ አንተን ግን አትፈራም።»

ያን ክረምት ሦስቱ ከጓሮው ዋልነት ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ስቴሊያና ትጠይቃለች፣ ሲንዚያና ትሳሳታለች፣ ሊቪዩ ልጅቷ ልታለቅስ ስትል አንድ የማይረባ ነገር ይናገርና ያስቃታል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ስቴሊያና ቀልዱ ሲሠራ በዓይኗ አየች። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ሞክራ አታውቅም። ሊቪዩም ልጅቷን አሥር እየሰጠ ምን ያህል እንደበደላት በዓይኑ አየ። ሲንዚያና በነሐሴ አለፈች፤ ያሽ ከተማ ሄዳ ነርስ ሆነች። ከክፍሏ ከወደቁት ሌሎቹ ግን ብዙዎቹ ዳግመኛ አልተፈተኑም። አንዳንዶቹ ጣሊያን ሄደው ወይን ለቀሙ፤ ስቴሊያና ስማቸውን ሁሉ ታስታውሳለች።

ሊቪዩ ቃሉን ጠብቆ በመስከረም ከኋላ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሳምንት አንቀላፋ። በሁለተኛው ሳምንት ነቃ። ከዚያ በኋላ የራሱ ክፍል ውስጥ ሳቁ ቀነሰ፤ ተማሪዎቹም ሰውየው ተበላሸ ብለው አሙት። ውጤታቸው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ አለ። የስቴሊያናን ክፍል ግን ደርሶበት አያውቅም።

ከአሥር ዓመት በኋላ አስተማሪ የተለዋወጡት የሁለቱ ክፍሎች ልጆች እንደ አገሩ ልማድ አንድ ላይ የድሮ ክፍላቸው ገብተው ዴስካቸው ላይ ተቀመጡ። ጡረታ የወጣችው ስቴሊያና ስም ጠራች፤ የተጠራው እየተነሳ ምን እንደሆነ ተናገረ። ዩስቲን የጭነት መኪና እንደሚነዳና ሁለት ልጆች እንዳሉት ነገራቸው። ከአሥራ ሁለተኛ ሀ አንዲት ባንክ ቤት የምትሠራ ሴት ተነስታ፣ «እኛን ባክ ያሳለፈን መምህር ሊቪዩ ነው፤ እንደሱ ዓይነት ዓመት አይቼ አላውቅም» አለች።

«ጥሩ ዓመት ነበር» አለች ስቴሊያና።

ጠጉሩ የሸበተው ሊቪዩ ከኋላ ተነሳ። «እኔ ያን ዓመት ምንም አላስተማርኳችሁም» አለ። «የምታውቁትን ሁሉ ያስተማረቻችሁ እሷ ናት። እውነቴን ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ዛሬም ያው ነው ተባባሉ። ሊቪዩ ቆሞ ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት ይበልጥ ሳቁ። ስቴሊያና ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና የሚቀጥለውን ስም ጠራች።