የሁለት ሞራ ሳሙና

ዘሊካ መካነ ሰላም የገባችው በክፉው የረሃብ ዘመን፣ ልጇን ሺፋን በጀርባዋ አዝላ ነው። ባሏን ይማምን ከለጋምቦ ሲመጡ መንገድ ላይ ቀብራዋለች። ከተማው ውስጥ የሰው እህል ስታበጥር፣ የሰው ልብስ ስታጥብ ከረመች። ጃንሆይ ወርደው ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው አንድ የባላባት ግቢ ለእጅ ባለሙያዎች ሰጠ፤ ለእሷም ከሳሙና መቀቀያው ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ደረሰቻት። የዚያን ቀን በሯን ከውስጥ ቀረቀረችና «ሺፋዬ፣ ከእንግዲህስ ማንም አያስነሳንም» አለች።

ግቢው ሰፊ ነው። ክር በቀለም የሚነክሩ፣ ሳሙና የሚቀቅሉና ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች ምንጩንም እንጨቱንም በጋራ ይዘውታል። ውሃው መጀመሪያ ክር ነካሪዎቹ ጋ ያርፋል፣ ቆዳ ፋቂዎቹ ጋ መጨረሻ ይደርሳል፤ ከእነሱ በኋላ ያለውን ውሃ ማን ይነካዋል! ከነካሪዎቹ ምድጃ የሚወጣው አመድ ለሳሙና ይሆናል። ዘሊካና ባልደረባዋ በለጡ ታቹ በተበሳ ጋን ውስጥ ገለባ አንጥፈው፣ አመዱን ሞልተው፣ ከላይ ውሃ ያፈሱበታል፤ ከታች ጣት የሚልጥ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እሱን ከስብ ጋር ቀቅሎ ማማሰል ነው። ውሃው የወጣለት አመድም አይደፋም፤ የቆዳ ጠጉር ለማስለቀቅ ወደ አያ ንጉሡ ይወርዳል። አያ ንጉሡ የቆዳ ፋቂዎቹ ታላቅ ነው።

ችግሩ የመጣው በስቡ ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ጋን ሊጥዱ ሲሉ በለጡ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«የማንን ሞራ እንግዛ? ከእናንተ አራጅ ከገዛን የእኔ ሰዎች አይነኩትም።»

«ከእናንተ ከገዛን ደግሞ የእኔዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ» አለች ዘሊካ።

«እኩል እኩል እንቀላቅለዋ! ማን ይከፋዋል?»

ፍርዱ ለሁለቱም ትክክል መሰላቸው። ግማሹን ከእስላም፣ ግማሹን ከክርስቲያን አራጅ ገዝተው አንድ ላይ ቀቀሉት። ሳሙናው አማረ፣ እንደ ድንጋይም ጠጠረ። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ግን ሙስሊሞቹ «የክርስቲያን ሞራ አለበት»፣ ክርስቲያኖቹ «የእስላም ሞራ አለበት» እያሉ ጥለውት ሄዱ።

«ሳሙና እኮ አይበላም!» ብላ ጮኸች በለጡ።

«ሊጡን የማቦካው ታዲያ በእግሬ ነው?» አለቻት አንዷ ገበያተኛ።

ሲመለሱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈንታው ግቢው በር ላይ ጠበቃቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቸኩሏል። «ጓዶች፣ የእርዳታ እህል ይመጣል፤ ማኖሪያ አጥቻለሁ። በሚመጣው ቅዳሜም ካልሸጣችሁ መቀቀያውንም ክፍሉንም መጋዘን አደርገዋለሁ።»

ለእህል ነው ሲላት ዘሊካ ወደ ክፍሏ አመራች። የእህልን ነገር እሷ ካላወቀች ማን ይወቅ? ገብታ የሺፋን ነጠላ ደጋግማ አጠፈች፤ ነገ የሚነሳ ሰው ይመስል።

በማግስቱ አመድ ይዛ ስትወርድ አያ ንጉሡ የደረቀ ቆዳ ዘርግቶ በዘይት ሲያሽ አገኘችው።

«አያ ንጉሡ፣ የምን ዘይት ነው?»

«የጉሎ ነዋ። ቆዳ ያለ እሱ መች ይለሰልሳል?»

«እስላም ነው ክርስቲያን?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያትና ሳቁ አመለጠው። «ከቆላ የመጣ ፍሬ ነው እንጂ! ማተብ አላሰረ፣ አልሰገደ!»

«እንግዲያው ለሳሙና ይስጡን።»

ሳቁ ቆመ። በለጡም ድምፅ ሰምታ ወርዳ ነበር። አያ ንጉሡ እጁን በሽርጡ ጠረገና «እሰጣለሁ» አለ፤ «ግን ቅዳሜ ከእኔ ጎን ትቀመጣላችሁ።»

በገበያው ከፋቂ ጎን የሚቀመጥ የለም። ሴቶቹም ከግቢ አብረውት ወጥተው ገበያ ሲደርሱ ወደ እህል ተራ ዘወር ይላሉ።

«ሳሙናው ቆዳ ቆዳ ይሸታል ይሉናላ!» አለች በለጡ።

«ይበሏችሁ። እኔን ዕድሜ ልኬን ሲሉኝ የለም?»

ዘሊካ አንገቷን ደፋች። ከዚያ «ወላሂ እውነትዎን ነው፤ እንቀመጣለን» አለች።

የጉሎው ሳሙና አልጠጥርም አለ። ጨው ቢጨምሩ፣ ቢያማስሉ፣ እንደ ወፍራም ማር ተዘረጋ። በለጡ «በቃ፣ ጉድ ሆንን!» ስትል ዘሊካ ቅል አነሳች። «አብሽሪ፣ እታለም። ማርስ እየተቀዳ አይደል የሚሸጠው?»

ቅዳሜ ከአያ ንጉሡ ጎን ተቀመጡ። ሰው እንደ ጉድጓድ ዞሯቸው አለፈ። ረፋዱ ሄደ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አንድ ቅል አልተቀዳም። ሽማግሌው አላስችል አለው።

«ቃላችሁን አድርሳችኋል፤ ተነሱ፣ እህል ተራ ሂዱ። ቤትሽን በእኔ ምክንያት አትጪ።»

ዘሊካ ተነሳች። የሄደችው ግን ውሃ ልትቀዳ ነው። እንስራውን አምጥታ ፊቱ ተንበረከከች። «እጅዎን ያምጡ።»

«ተይ፣ ሰው ያያል!»

«ይየና!»

ጥቁሩን እጅ ይዛ በሳሙናው እስከ ክርኑ አሸችው። አረፋው ነጭ ወጣ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ እንደገና ነጭ። ገበያተኛው እየሳቀ ከበበ። «ሙሽራ ሊሆን ነው እንዴ ፋቂው?» አለ አንዱ። ቅመም ሻጯ አልታዬ ግን እየገፋች ገባች፤ አፍንጫዋ ማንንም የማያምን ሴት ናት። ጎንበስ ብላ የአያ ንጉሡን መዳፍ አሸተተች፤ ደግማም አሸተተች።

«ይሄ የቆዳ እጅ ነው? ሞራው የማን ነው?»

«ሞራ የለበትም፤ ጉሎ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ቅጂልኛ!»

ከእሷ ኋላ አንዲት የሼህ ሚስት ማሰሮዋን ዘረጋች፤ ከዚያ መገፋፋት ሆነ። ፈንታው ሲደርስ በለጡ የጋኑን ቂጥ በቅል ትፍቃለች።

«እህሉንስ የት ላኑረው?» አለ፣ ግማሽ እየሳቀ።

«ከነካሪዎቹ በላይ ያለው የማገዶ ሰቀላ ጣሪያው ደህና ነው» አለች ዘሊካ። «እንጨቱን አውጥተን እኛው እንጠርግልዎታለን። የእህል ቦታ ሲጠረግ እኔ አልቀርም።»

ፈንታው አሰብ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ክፍሉ የአንቺ ነው እንግዲህ።»

ሰኞ ሰቀላው ተጠረገ። ማክሰኞ በማለዳ ሦስቱ ባዶ ስልቻ ይዘው፣ ሺፋን አስከትለው፣ ጉሎ ፍለጋ ወደ ቆላው ቁልቁል ወረዱ። አያ ንጉሡ እፊት እፊት እያለ «አሁንማ ለቆዳዬ ጠብታ አስቀሩልኝ!» ይላል፤ በለጡም ከኋላ «ቅዳሜም እጅዎን ለማጠብ ከሰጡን እናያለን!» ትለዋለች።