ማንኮራፋት የተማርንበት ሰሞን

ነርስነት ተመርቄ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ማንኮራፋት ነበር። እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል፤ አልፈርድበትም። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልጆች እንዴት እንደሚተኙ፣ ተኝተውም እንዴት እንደሚተነፍሱ የሚያጠና ቡድን መረጃ ሰብሳቢ ይፈልግ ነበርና ተወዳድሬ አለፍኩ። ሥራው ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን መጠየቅ ነው። ጤነኛና በሽተኛ ልጅ ተብሎ አይለይም፤ ዕጣ የወጣለት ቤት ይጠየቃል።

አሠልጣኛችን የሕፃናት ሐኪም ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። «ልጅዎ ያንኮራፋል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ እናቶች የለም ይሏችኋል» አለች። «ማንኮራፋት የትልቅ ሰው ነው ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ድምፁን ራሳችሁ አሰሟቸው።» ይህን ብላ ወንበሯ ላይ ደገፍ አለችና ዓይኗን ጨፍና አንኮራፋች። መጀመሪያ ቀላሉን፣ ቀጥሎ ከባዱን። ከዚያ ደግሞ እሷ ራሷ የምትፈራውን፣ አንኮራፍቶ አንኮራፍቶ ድንገት ጸጥ የሚለውንና ቆይቶ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር የሚስበውን።

እኔ አንዴ ሳቅ ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር አሳፍሮኛል። ያን ቀንም እስክርቢቶዬን ነክሼ ብታገል ብታገል ዕንባዬ መውረድ ጀመረ። ሐኪሟ ዓይኗን ገለጠችና «አንቺ ቀጥዪ» አለችኝ። ሃያ ሰው ፊት አንኮራፋሁ። እየሳቁ ማንኮራፋት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

አብሮኝ እንዲሠራ የተመደበው ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣ ረጅም ልጅ ነበር። በሥልጠናው ሳምንት በሙሉ «እሺ» እና «ደህና ዋይ» ከሚለው በቀር ከአፉ ቃል አልሰማሁም። ተራው ሲደርስ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ የአዳራሹ መስኮት የሚንቀጠቀጥ እስኪመስለኝ ድረስ አንኮራፋ። ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እኔ ሳቄን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

መጀመሪያ የተላክነው ድብ ባሕር የሚባል ቀበሌ ነበር። አንዲት እናት ልጇን በኩራት እያየች «የእኔስ ሸጋ እንቅልፍ ነው የሚተኛ» አለችን። ባልደረባዬ ከባዱን ድምፅ አሰማት። ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነችና «ይሄንንማ ከየት አመጣኸው? ይሄ የልጁ አባት ነው» አለች። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሮ «ምነው፣ እኔን ሊመዘግቡ ነው እንዴ የመጡት?» ሲል እኔ በመጠይቁ ፊቴን ከልዬ ቆየሁ። ከዚያ ቤት ስንወጣ ባልደረባዬ «በእኔ ነው የምትስቂው ወይስ በሥራው?» አለኝ። ያ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቁስቋም ደረሰን። ዕጣው ከወጣላቸው ቤቶች አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ያለ፣ የአንድ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ቤት ነበር። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኛም የኔታ አልናቸው። ባለቤታቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ቤት ነበሩ፤ ትልቋ ስምንት ዓመቷ፣ ትንሿ አምስት። በዕጣ እንደመጣን ስንነግራቸው የኔታ ደስ አላቸው። «ሐዋርያም በዕጣ ተመርጧል» አሉና መነጽራቸውን አድርገው የፈቃድ ቅጹን ተቀበሉን።

ሌላ ቤት ቅጹ የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው። የኔታ ግን እንደ መጽሐፍ ተረጎሙት። «በጥናቱ መሳተፍ በፈቃድ ነው» የሚለውን አነበቡና ጣታቸውን አነሡ። «ፈቃድ፤ አንድም የአባት፣ አንድም የእናት፣ አንድም የልጂቱ።» ቀና ብለው አዩን። «ልጂቱን ጠየቃችኋት?»

አልጠየቅናትም ነበር። ሳቄ አፈነኝ፤ ደግሞም አፈርኩ። ዕጣው የደረሳት ትንሿ ነበረችና ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። አፏን ከፍታ ትተነፍስ ነበር፤ ያኔ ልብ አላልኩትም።

«ያማል?» አለችኝ።

«አያምም።»

«እሺ በቃ።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ፈረሙ።

ወደ ጥያቄው ስንመጣ እናትየዋ እንደተጠበቀው «ኧረ የለም» አሉ። ባልደረባዬ ቀላሉን አሰማቸው፤ የለም። ከባዱን ሲያሰማ ትልቋ ልጅ ከመደቡ ላይ በሳቅ ወደቀች። «ይሄ የእሷ ነው! አንድ ላይ ነው የምንተኛ፣ እኔ አውቃለሁ!»

«ዝም በይ አንቺ» አሉ እናትየዋ። «የሴት ልጅ ስም በማንኮራፋት ይነሣል?»

ነገር ግን ሳቁ ቤቱን ያዘው። ትንሿም እኔ ነኝ እያለች በደስታ ትዘል ጀመር፤ እኔማ ከማንም ብሼ ነበር። ባልደረባዬ ብቻ ፊቱን ሳይለውጥ ሦስተኛውን አሰማ። አንኮራፋ፣ አንኮራፋ፣ ጸጥ አለ፣ ቆየ፣ ከዚያ አየር ሳበ።

ትልቋ ልጅ መሳቋን አቆመች። «እንዲህም ትላለች» አለች። «ያኔ በክርኔ ጎሸም ሳደርጋት ትተነፍሳለች።»

እናትየዋ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። «መቼ ነው እንዲህ የምታደርጊያት?» ብለው ጠየቋት።

«ሁልጊዜ።»

የትንሿ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶና ጣቷ ላይ የሚቆነጠጥ፣ በደሟ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ሰጠናቸው፤ ለአንድ ሌሊት ብቻ አስረውላት እንድትተኛ። የኔታ ማተቧ ይፈታ እንደሆነ ጠየቁ። አይፈታም ስንላቸው ተረጋጉ። ጠዋት ተመልሰን ስንወስደው ልጂቱ ቀበቶዋን አላስፈታም ብላ ስላለቀሰች፣ ባልደረባዬ የገዛ ቀበቶውን ፈትቶ ሰጥቶ አባበላት። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሲወርድ ከኋላው የሄድኩትን እኔን አስቡኝ።

ሐኪሟ ከመሣሪያው የወጣውን መስመር አየችና ወላጆቿን አስጠራች። የልጂቱ ቶንሲል አብጧል፤ ከአፍንጫዋ ጀርባ ያለው ሥጋም እንዲሁ፤ ስትተኛ የአየሩን መንገድ ይዘጋባታል። ቀን የምትነጫነጨውና ምግብ የሚያስጠላት በእንቅልፍ ስለማታርፍ ሳይሆን አይቀርም አለቻቸው። አንዲት ጎረቤት እንጥሏን አስቆርጧት ብላ መክራ ኖሮ እናትየዋ ያንን አነሡ። ሐኪሟ «እንጥሏ ምን በደለ?» አለች። «ምላጭ እንዳይነካት። እዚሁ ከተማ ሆስፒታል፣ ተኝታ፣ ሳታውቀው ቶንሲሏና ሥጋው ይወጣላታል።» የኔታ ይህንንም በአንድም በአንድም ከመረመሩት በኋላ እሺ አሉ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ልጂቱ ሆስፒታል አንድ ሌሊት አድራ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ገባች። በነጋታው ገና ጎሕ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። የኔታ ነበሩ።

«ልጄ፣ ቶሎ ነይ። ድምፅ የላትም።»

«ምን ማለት ነው የኔታ? ደም አላት?»

«ደም የለም። ድምፅ ነው የሌላት። ሌሊቱን ሙሉ ዝም እንዳለች ነው።»

ሐኪሟ ጋ ደውዬ፣ እየሮጥኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ቁስቋም ደርሼ በሩን ከፍቼ ስገባ የኔታና ባለቤታቸው ከመደቡ ግራና ቀኝ ተንበርክከው ነበር። የኔታ ከመጠምጠሚያቸው የመዘዙትን ክር ከልጂቱ አፍንጫ ሥር ይዘዋል። ክሩ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ይመለሳል፣ ይወዛወዛል። የልጂቱ አፍ ገጥሟል።

ይዤው የሮጥኩትን የኦክስጅን መለኪያ ጣቷ ላይ ቆነጠጥኩት። ዘጠና ሰባት በመቶ፤ ደህና ናት።

«ተኝታ ነው» አልኳቸው። «የኔታ፣ ልጅ ሲተኛ እንዲህ ነው።»

«ይሄ ነው እንቅልፍ?» አሉ እናትየዋ።

«ይሄ ነው።»

የኔታ ክሩን አዩት፤ ባለቤታቸውን አዩ። ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን አልከደኑም። መጀመሪያ የሳቁት የኔታ ናቸው፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ልጂቱን እንዳይቀሰቅሱ። ከዚያ ባለቤታቸው፤ ከዚያ እኔ። እኔ ደግሞ ቀስ ብሎ መሳቅ አላውቅበትም። ልጂቱ አንድ ዓይኗን ገለጠችና በሻከረ ድምፅ «ምነው፣ ማን መጣ?» አለች። እርጎ እፈልጋለሁ አለች። ጭልፋ ሙሉ እርጎ ተሰጣት፤ ጨርሳ ድገሙኝ አለች። እናትየዋ «ድገሙኝ ብላ አታውቅም» እያሉ ዕንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ትልቋ ልጅ ከግድግዳው ጥግ በጀርባዋ ተዘርራ፣ ክንዶቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ እንደተኛች ናት። የኔታ በስሟ ጠሯት፤ አልሰማችም። «ተዋት» አሉ ባለቤታቸው። «ዛሬ የምትጎሽማት የለችም፤ ታርፍድ።»

ቢሮ ስደርስ ሐኪሟ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ክሩንም ነገርኳት። ያ የማይፈታ ፊቷ ተፈታና የደረጃውን መደገፊያ ይዛ እስኪያልፍላት ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን ጠርጋ፣ የዕለቱን የቤት ዝርዝር ሰጠችኝና ወደ እግሬ ጠቆመች። አንዱ ነጠላ ጫማ የእኔ ነው፤ ሌላው፣ ሰማያዊው፣ የአከራዬ ነበር። ባልደረባዬ የቡድኑ መኪና ውስጥ ሆኖ አየኝ፣ ጠጋ ብሎም ቦታ ለቀቀልኝ፤ እስከ ድብ ባሕር ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ትከሻው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ሄድን።