መሣሪያ የመቁጠር አመል

አሜሪካ፣ ኢገን የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ እያስታመምኩ በምሠራበት ጊዜ ከምንም በላይ የምፈራው አንድ ፎርም ነበር። የዜግነት ማመልከቻዬ ላይ «ወታደር ሆነህ ታውቃለህ?» ለሚለው «አላውቅም» ብዬ ሞልቻለሁ። ውሸቴን ነው። በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ውስጥ የጄት ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ። ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር ለኛ ለስደተኞች ፎርም የሚሞላልን ሰው «አየር ኃይል የሚል ነገር ትንፍሽ እንዳትል፣ ይመልሱሃል» ሲለኝ፣ አስተማሪ ነበርኩ ብዬ አረፍኩት። ሚስቴም ልጄም አሜሪካ የገቡት በእኔ ወረቀት ነው። የኢንተርቪው ቀጠሮም መጣ።

ሽማግሌው ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥፍራቸውን ቆርጬ ስጨርስ መቁረጫውን፣ ሞረዱን፣ መቀሱን ፎጣ ላይ ደርድሬ በጣቴ ቆጠርኳቸው። ሞተር ውስጥ የተረሳች አንዲት መፍቻ አውሮፕላን ትጥላለች፤ እኛ ዘንድ መሣሪያ ሳይቆጠር ክዳን አይገጠምም ነበር። አመል ሆኖብኝ ቀረ።

«የምን ሞተር ላይ ነበር የምትሠራው?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ አስተማሪ ነበርኩ።»

«አስተማሪ መቀስ አይቆጥርም» አሉና ሳቅ አሉ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ለልጃቸው ቢነግሩስ? ልጃቸው ደግሞ ለቀጠረኝ ድርጅት ቢደውልስ?

ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ የራሳቸውን ነገሩኝ። በጦርነቱ ጊዜ ለጀርመን የጄት ሞተር ይነድፉ ነበር። የሚገጣጥሙት እስረኞች ናቸው፤ በረሃብ እዚያው ሥራቸው ላይ የሚወድቁ። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖች መጡና ስለ ሞተሩ ብረት፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቋቸው። ወደዚህ አምጥተው ሥራ ሰጧቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ሞተር ሲነድፉ ኖሩ።

«ስለ ሰዎቹ የጠየቀኝ የለም» አሉ። «እኔም ዝም አልኩ። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር እኮ። ስልሳ ዓመት ጠበቅሁ።» ያን ቀን የፈራሁት መባረርን ብቻ አይደለም፤ እንደሳቸው ማርጀትንም ፈራሁ።

ከሳምንት በኋላ ኢንተርቪው ገባሁ። የምትጠይቀኝ ሹም ያ የወታደርነት ጥያቄ ላይ ስትደርስ «የሞላሁት ውሸት ነው» አልኳትና ሥራዬን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማዕረጌን ትጠይቀኛለች ስል፣ «የጠገንካቸው አውሮፕላኖች የት ነበር የሚሄዱት?» አለችኝ።

አላውቅም ብል ማን ያውቅብኛል። ግን አንዲት መፍቻ ሳይጎድል ክዳኑን ገጥሜ፣ ቦምብ ጭነው ሲነሱ ቆሜ አይቻለሁ። ባዷቸውን ሲመለሱም አይቻለሁ። የሄዱባቸውን ከተሞች አብራሪዎቹ ሻይ ሲጠጡ ያወሩ ነበር።

ሚስቴና ልጄ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁኛል። ከተሞቹን አንድ በአንድ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ ነገርኳት።