በመስቀል ሰሞን ያልጨመርኩት ዱቄት

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ልመሰክር ተነስቻለሁ። ሦስት እሑድ ልነሳ አስቤ ሦስቱንም ከአግዳሚው ሳልነቃነቅ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ ወርቄ ዛሬ ጠዋት «ወይ ለሰው ተናገር፣ ወይ እቤት ለግድግዳው መመስከሩን ተው» አለችኝ። ስሙ ይባረክ፣ ይኸው ቆሜያለሁ!

ቶላ እባላለሁ። የሰበታ ሰው ያውቀኛል፤ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለመጣችሁት ግን ልንገራችሁ፣ የቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበርኩ። ጠዋት ቦኖውን እከፍታለሁ፣ ሴቶቹን አሰልፋለሁ፣ በተራ የተጣሉትን አስታርቃለሁ፣ ከሰዓት እዘጋለሁ። በየሁለት ቀኑ ደግሞ ምንጩ ስር ወዳለው የሲሚንቶ ገንዳ ወጥቼ ነጭ ዱቄት በጣሳ እየለካሁ እጨምራለሁ። ውሃውን ከበሽታ የሚያጠራ መድኃኒት ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። የገንዳውን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሄድ ዳኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ጌታንስ? በስሙ እምል ነበር እንጂ አላውቀውም ነበር።

የመስቀል በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ዘነበች መጣች። ጠላ ጠምቃ የምታድር፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ ሴት ናት። ሌሎችንም ጠማቂዎች አስከትላለች።

«ኦቦ ቶላ፣ በሞቴ፣ በዚያ ዱቄትህ ጥንስሴን ገደልከው» አለችኝ። «ጠላዬን የቀመሰ ሁሉ መርፌ የተወጋ ይመስል ፊቱን ያጨማድዳል። ለመስቀል እንኳ ተወን!»

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልናገር፤ ይህን ስትለምነኝ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ለፋሲካም ይለምኑኛል፣ እኔም ጥቂት ቀን እተውላቸዋለሁ፤ ማንም ሆዱን እንኳ አሞት አያውቅም። ግን ፋሲካ በበጋ ነው። መስቀል ሲደርስ የክረምቱ ጎርፍ ገና አልደረቀም። ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አላሰብኩም። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው። «በሉ፣ እስከ መስቀል ማግስት ዱቄት የለም» አልኳቸው። እልል አሉልኝ። እልልታው ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሻችሁ!

በዓሉ አለፈ። ጠላው አማረ፣ ሰው ጠጣ፣ ተመረቅሁ። ከዚያ አንዱ ተኛ፣ ሌላው ተኛ። ትኩሳት ነው፣ ራስ ምታት ነው፣ አልጋ የሚያስይዝ። ደንግጬ ወደ ገንዳው ወጣሁና ክዳኑን አነሳሁ። ጎርፉ በስንጥቁ ገብቶ ውስጡ ጭቃ ነው፤ የከብት እበት ተንሳፍፏል። ጌታ ሆይ ማረኝ! ዱቄቱን በእጥፍ በተንኩበት፤ ግን ያንን ጭቃ ዱቄት እንደማያሸንፈው አውቃለሁ። ውሃው መፍሰስ፣ ገንዳው መታጠብ ነበረበት። ውሃውን ባፈሰው «ለምን?» ይሉኛል። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት፣ ቆለፍኩት፣ ወርጄ ቦኖውን ከፈትኩ። ሴቶቹ ቀዱ። እያየሁ ቀዱ፣ ወገኖቼ!

በዚያው ሳምንት ልጄ ብዙነሽ ታመመች። ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። በዓሉን ተጂ ከተማ አክስቷ ዘንድ ውላ ገና መመለሷ ነበር። አቅፌያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ የሚያክመው ድሬሰር ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው።

«ተጂ ነበረች?» አለኝ። «እዚያ ወባ አይጠፋም፤ እንግዲህ ወባ ይሆናል። የአንጀት ተስቦም ጠርጥሬ ነበር፤ እሱ ግን በውሃ ነው የሚመጣው። የቦኖው መድኃኒት ሳይቋረጥ ይጨመራል አይደል አቶ ቶላ?»

ልጄ ክንዴ ላይ እንደ ምጣድ ትግላለች፤ እኔ ደግሞ ስለ ቁልፌ ፈራሁ። «አንድ ቀን አላስተጓጎልኩም!» አልኩት። አመነኝ። የወባ ክኒን ሰጠኝ።

ከተማው በፍርሃት ታመሰ። ከምንጩ በላይ የሚኖር ኦቦ ለሚ የሚባል ገበሬ ነበር፤ ጌታን ካገኘ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያው ሰሞን እሱና ወንድሞች ምንጩ አጠገብ ባለው ወንዝ ሰው አጥምቀው ነበር። ታዲያ ሰው ምን አለ? «ውሃውን የመረዘው ጴንጤው ነው!» አለ። ሽማግሌዎች ቦኖው ድረስ መጥተው ጠየቁኝ፦ «ቁልፍ ያዡ አንተ ነህ። ለሚን ገንዳው አጠገብ አይተኸው ታውቃለህ?»

ገበሬ ነው፤ በዚያ የማያልፍበት ቀን የለም። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ «ሲያልፍ አይቻለሁ» አልኩ። ይህችን ብቻ። ከሰዓት በኋላ ቤቱን በድንጋይ ደበደቡት።

ዘጠነኛው ቀን ላይ ብዙነሽ እኔን ማወቅ አቆመች። ሆዷ ተነፋ፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ዓይኗ ጣሪያ ላይ ቀረ። «ውሃ» አለች በቀጭን ድምፅ። ወርቄ ከእንስራው ቀድታ ኩባያውን አፏ ላይ ስታደርስ ሳላስበው በእጄ መታሁት።

«አታጠጪያት!»

ኩባያው ተንከባለለ። ወርቄ አየችኝ። «ለምን?» አለች። ኩባያውን ላነሳ ጎነበስኩ። «ቶላ፣ ለምን?»

በዚህ መሐል ከበር የሰላምታ ድምፅ መጣ። «አካም ጅርታ፣ ቶላ?» ኦቦ ለሚ ነው። ግንባሩ በጨርቅ ታስሯል፣ ደሙ በጨርቁ ላይ ደርቋል። «ልጅህ ታማለች አሉኝ። ልጸልይላት መጣሁ።»

ሊገድለኝ የመጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር! አልጋዋ ስር ተንበርክኮ እጁን ግንባሯ ላይ አደረገ። «ዋቀዮ ኮ፣ ዋቀዮ ኮ» እያለ አምላኩን ይጠራል፣ ያለቅሳል። ለእኔ ልጅ! እኔ ባመጣሁበት ቁስል! ልቋቋመው አልቻልኩም። እግሩ ላይ ወደቅሁና ሁሉንም አፈረጥኩት፦ ዱቄቱን፣ ጭቃውን፣ «ሲያልፍ አይቻለሁ» ያልኩትን። ወርቄ አፏን ይዛ ቆመች።

ኦቦ ለሚ ክንዴን ይዞ አነሳኝ። ከዚያ «ይህን ለእኔ ብቻ ነግረህ ምን ይፈይዳል?» አለኝ። «መጀመሪያ ለድሬሰሩ ንገር። ቀጥለህ ውሃውን ለሚቀዱት። እኔ እዚህ እጸልያለሁ፤ አንተ ሩጥ!»

ሮጥኩ። ወገኖቼ፣ መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ተመለስ፣ ታስረህ ትበሰብሳለህ፣ ይወግሩሃል የሚል ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ድሬሰሩ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አቶ ቶላ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያለ በሽታዋ ሳክማት ዝም አሉኝ?» አለ። የተስቦውን መድኃኒት ይዞ እየወጣ «ትድናለች ብዬ ቃል አልገባም፤ በጣም ዘግይተናል» አለኝ። ወደ ልጄ ሮጠ፤ እኔ ወደ ቦኖው።

ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ቦኖውን ዘጋሁት። ወደ እነሱ ዞሬ ጮህኩ፦ «አትጠጡ! ያላችሁንም ድፉት! ለሚ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ዱቄቱን ተውኩት፣ ጭቃውን አይቼ ደበቅኋችሁ!»

እትዬ ዘነበች ከፊት ነበረች። የበኩር ልጇን ከቀበረች አራተኛ ቀኗ ነው፤ ጥቁር ለብሳለች። ድንጋይ ታነሳለች ብዬ ራሴን በእጄ ሸፈንኩ። አላነሳችም። እንስራዋን አዘንብላ ውሃውን እግሬ ላይ አፈሰሰችው፣ ባዶውን አዝላ ሄደች።

ፖሊስ ወሰደኝ፣ ታሰርኩ። ልጄ ትኑር ትሙት ሳላውቅ አራት ቀን ተቀመጥኩ። በር በተከፈተ ቁጥር መርዶ ነው እያልኩ እጄን ጆሮዬ ላይ እጭን ነበር። በአምስተኛው ቀን ወርቄ መጣች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች።

«ሽሮ ስጡኝ አለች! ቶላ፣ ራበኝ አለች!»

ሃሌሉያ! ጌታ ይመስገን! ስንቅ ያመላለሰልኝ ማን ይመስላችኋል? ኦቦ ለሚ ነው። በፍርግርጉ አጠገብ ቆሞ ስለ ጌታ ነገረኝ፤ እኔም እዚያው አመንኩ። ወርቄ ከእኔ ቀድማ አምና ነበር። ፍርዴን ጨርሼ ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ ልጄን አዳነልኝ ስል ድምፄን ዝቅ የማደርገው ለዚህ ነው። እትዬ ዘነበችም ልጅ ነበራት። ይቅርታ ልጠይቃት ሁለቴ ሄጃለሁ፤ በሩን አልከፈተችልኝም። እንደገና እሄዳለሁ። እንድትከፍትልኝ ሳይሆን ልብሷ ጥቁር የሆነው በእኔ መሆኑን እንዳልረሳ ነው። ጸልዩላት፤ ለእኔም ጸልዩ።

የደበቃችሁት ነገር ካለ፣ ዛሬ ወደ ጌታ አምጡት። ጥርት ያለ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ የእኔም በብርጭቆ ሲታይ ጥርት ያለ ነበር። እንደምትዋረዱ አውቃለሁ፣ ፍርሃቱንም አውቀዋለሁ፤ ግን እርሱን እመኑት። እኔን ከዚያ ገንዳ አውጥቶኛል።

በዚህ ኩባያ የያዝኩት ውሃ ዛሬ ጠዋት ከቦኖው የተቀዳ ነው። ቦኖው አሁን ሌላ ጠባቂ አለው። እኔ ዛሬም ሳላሸት አልጠጣም፤ ይኸው፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። ይሽተት! ስሙ ይባረክ፣ ይሽተት!

ብዙነሽ፣ ነይ ልጄ። እንኪ፣ ጠጪ።