ፊልሙን እኔ የነገርኩበት ሰኞ

አሥር ዓመት ሞልቶኝ አምስተኛ ክፍል በገባሁበት ጊዜ፣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ የምቆየው ጋሽ መኮንን ልብስ ስፌት ቤት ነበር። እናቴ አስቴር፣ ሮቤ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። አባቴ እኔ ሕፃን ሳለሁ ታሞ ስለሞተ ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ጋሽ መኮንን የአባቴ የልብ ጓደኛ ስለነበሩ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ እሳቸው እሄድና በመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ያኔ ከከተማው ውጪ ካሉት የሲናና የስንዴ ማሳዎች በኩል የሚመጣው ነፋስ በቆርቆሮው በር ሥር እየገባ እግራችንን ያቀዘቅዘው ነበር። ጋሽ መኮንን መብራት ይጠፋብኛል ብለው ስለሚሰጉ ልብስ የሚተኩሱት በከሰል ካውያ ነበር። ክዳኑን ሲከፍቱት ፍሙ ቦግ ይላል፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያሳርፉት የሱፍ ሽታ ያለው እንፋሎት ይነሳል፣ እኔም እጄን ወደዚያ ሙቀት ዘርግቼ እርሳስ ለመያዝ እስኪፍታታ እጠብቃለሁ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ግን ቤቱ ሌላ ቤት ይሆን ነበር። ከጎን ያለው የጨርቅ ሱቅ ባለቤት እትዬ ሐሊማ ሱቋን ቀደም ብላ ትዘጋለች። ከሮቤ ጎባ ሚኒባስ የሚነዳው ደረጀም መኪናውን አቁሞ ይመጣል። ሦስቱን ያገናኛቸው ሌላ ምንም ነገር አልነበረም፣ ፊልም ብቻ ነው። ጋሽ መኮንን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው ሮቤ ቪዲዮ ቤት ይገባሉ፤ ደረጀ የመጨረሻውን ጉዞ ጎባ ላይ አድርጎ እዚያ ያያል፤ እትዬ ሐሊማ ደግሞ ሲዲ ተከራይታ ከእህቶቿ ጋር ቤቷ ውስጥ ታያለች። ሰኞ ያዩትን ይዘው ይገናኛሉ፤ ጋሽ መኮንን ያወጡት አንድ ሕግም ነበር። ፊልሙን ያየው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይናገር ማንም አስተያየት አይሰጥም። መውደድና መጥላት፣ ማድነቅና መሳደብ የሚፈቀደው ታሪኩ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ በዕድሜዬ የሰማኋቸውን ምርጥ ተረቶች የሰማሁት እዚያ ነው። በተለይ ጋሽ መኮንን ሲናገሩ እግራቸው የስፌት መኪናውን ፔዳል ይተወዋል፣ ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔም ስሜ የተጻፈበትን ደብተር እንኳ እረሳለሁ። ሰውን የሚያውቁት በልብሱ ነበር። «ሀብታም ነኝ ብሎ ገባ። ግን የኮቱ ትከሻ አልያዘውም፣ እጅጌውም ረዝሟል። የሰው ኮት እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ» ይላሉ፤ እውነትም ያ ሰው መጨረሻ ላይ አታላይ ሆኖ ይገኛል። ደረጀ የሚናደደው በመኪና ነው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ መሪ ወዲያና ወዲህ የሚያዞር ተዋናይ ካየ ፊልሙ ለእሱ እዚያው አበቃ። እትዬ ሐሊማ ደግሞ እንባ ትመዝን ነበር። «ወላሂ ያ የሽንኩርት ልቅሶ ነው» ካለች ማንም አይከራከራትም።

እኔ ግን አልናገርም ነበር። ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ይቆማል፣ ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ግን የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይዞ ይቀራል። የክፍሌ ልጆች «የተጫረ ሲዲ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ምንባብ እንዳነብ አስነሥቶኝ ሁለተኛው መስመር ላይ ስቆም ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ ደግ ሰው ስለነበር በቀስታ «ተቀመጪ የኔ ልጅ» አለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም አንድም ጊዜ አላስነሣኝም። ከልጆቹ ሳቅ ይልቅ ይህ ደግነት አፌን ዘጋው። እናቴም እንደዚያው ነበረች። እኔ «ው» ስል እሷ «ውሃ? እንቺ» ትለኛለች፤ «ደ» ስል «ደብተር? እገዛልሻለሁ» ትላለች። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያሰብኩትን ሳይሆን እሷ የገመተችውን ተቀብዬ የተኛሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እየዋለ ሲያድርም መሸሽ ተማርኩ። «ዳቦ» ማለት ሲያቅተኝ «የሚበላው» እላለሁ፣ የሚያቅተኝን ሰው ስም «እሱ ልጅ» ብዬ አልፋለሁ።

በዚያ ዓመት ረመዳን በሠርግ ወቅት ላይ ዋለ። አንድ እሑድ ጎረቤታችን ቤት ልጆች ተሰብስበን አንድ ያገራችን ፊልም አየን። ሲያልቅ ሌሎቹ ልጆች ለጨዋታ ሲወጡ እኔ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። መጨረሻው አልለቀቀኝም። እዚያው ሆኜ ይህን ፊልም ለእነ ጋሽ መኮንን እኔ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። በሌላ ቃል ላልሸሽ፣ «የሚበላው» ላልል፣ ሰው ቢስቅም ላልቀመጥ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ተለማመድኩት። ብቻዬን ስናገር አንድም ቦታ አልያዘኝም።

አመሻሽ ላይ ሦስቱም ተሰበሰቡ። ጋሽ መኮንን የሠርግ ሱፍ እየሰፉ ነበር።

«እሺ፣ ማን ምን አየ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

የደረጀ ሚኒባስ እሑድ ጎባ ላይ ተበላሽቶ ሲያሠራ ውሎ ነበር። እትዬ ሐሊማም ሳቀች። «እኔ በረመዳን ማየት ትቻለሁ። መስማት ግን አልተውኩም፣ እናንተ ንገሩኝ» አለች። ጋሽ መኮንንም በሥራ ብዛት ቪዲዮ ቤት አልገቡም። የሚነግር ጠፋ። እኔ ክፍል ውስጥ እንደሚደረገው እጄን አነሣሁ።

ሦስቱም አዩኝ። «አንቺ?» አለ ደረጀ። ጋሽ መኮንን ግን መርፌውን አቁመው «ሰናይት አይታለች። እንስማ» አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

ጀመርኩ። «አ… አ… አንዲት» ለማለት የፈጀብኝ ጊዜ ዛሬም ድረስ ረጅም ይመስለኛል። ፊልሙ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው፤ ሴትየዋ ዳቦ ጋጋሪ ናት። ጠዋት ብቻዬን ስለማመድ ያላሰብኩት ችግር መጣ። ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር ዳቦ ነበር። «ዳ… ዳ…» ብዬ ቆምኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደረጀ አላስችል አለውና «ዳቦ!» አለልኝ።

ጋሽ መኮንን ዞር ብለው አዩት። «ደረጀ፣ ፊልሙን አይተኸዋል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«ታዲያ ያላየኸውን ፊልም እንዴት አንተ ትነግረናለህ?»

እትዬ ሐሊማ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ደበቀች። ደረጀ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ኢቲ ፉፊ» አለኝ በኦሮምኛ፤ ቀጥዪ ማለቱ ነው። «ዳቦ» ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በራሴ አፍ።

ያኔ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሴትየዋ ዘንድ አንድ ሰው ሥራ ፈልጎ እንደመጣ፣ ዳቦውን በብስክሌት ለየሱቁ እንደሚያደርስላት፣ እየቆየ ልቧ እንደወደደው ነገርኳቸው። ሰውየው በጭጋግ ውስጥ ባሏን በጭነት መኪና የገጨው ሹፌር እንደነበር፣ ታስሮ እንደተፈታ፣ እሷ መልኩን እንደማታውቅ ነገርኳቸው። በየመሃሉ እቆማለሁ፤ ስቆም ማንም አይነቃነቅም። መብራት ጠፋ፤ ጋሽ መኮንን ፋኖሱን ለኮሱና ተመልሰው እዚያው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ካውያው ውስጥ ያለው ፍም አመድ እየለበሰ ሄደ፣ አንድ ሰውም ሱሪ ሊወስድ መጥቶ ነገ እንዲመለስ ተነግሮት ሄደ። ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ እትዬ ሐሊማ ተነሥታ ወደ ቤቷ የምትሄድ መሰለኝ። እሷ ግን ከቦርሳዋ ተምር አወጣች፣ «ቢስሚላህ» ብላ ቀመሰች፣ ውሃ ተጎነጨችና «ከዚያስ?» አለችኝ።

ሰውየው በሠርጋቸው ዋዜማ እውነቱን የሚነግራት ቦታ ላይ ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። በዚያው ቅጽበት ምላሴ ተያዘ። እናቴ አፏን ከፈተች፤ ልትረዳኝ ነበር። ጋሽ መኮንን እጃቸውን አነሡ።

«አስቴር፣ ግቢና ተቀመጪ። ልጅሽ ገና አልጨረሰችም።»

ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን ገጥማ ጨበጠች። እኔም ጨረስኩ። ሴትየዋ ምንም ሳትመልስለት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ሰውየው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ደጅ ያድራል። ሲነጋ መስኮቱ ይከፈትና በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ መስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል፣ መስኮቱም ተመልሶ ይዘጋል። አለቀ።

«ይቅር ብላዋለች!» አለ ደረጀ ወዲያው።

«የለም፣ አላለችውም» አለች እትዬ ሐሊማ። «የተራበ ሰው ደጅዋ ላይ ስላየች ነው። ጠላትም ቢሆን ይበላል።»

ከዚያ ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «ስ… ስንቅ ነው» አልኩ። «ሂድ ማለቷ ነው።»

ጋሽ መኮንን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልስማማም። ተሳስተሻል» አሉ። «ትኩስ ዳቦ ለመንገድ ማን ይሰጣል? ያልበዋል፣ ይበላሻል። ትኩስ ዳቦ እዚያው የሚበላ ነው።»

ፊቴ ጋለ። ተናደድኩ። «በጨ… በጨርቅ ጠቅልላዋለች!»

«ምን ዓይነት ጨርቅ?»

አስታወስኩ። «የገ… የገበታ ጨርቅ። ጠርዙ የተጠለፈ።»

«በቃ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «ሰው የገበታ ጨርቁን ለሚሄድ ሰው አይሰጥም። መልሰህ አምጣው ማለቷ ነው።»

«ረ… ረስታው ቢሆንስ?»

«ጠርዙን በእጇ የጠለፈችውን?»

አልተቀበልኳቸውም። እየተንተባተብኩ ተከራከርኩ፣ እሳቸውም አንዲት ነጥብ አልለቀቁልኝም። ልጅ ናት ብለው አላለፉኝም፣ ምላሷ ይያዛል ብለው አላዘኑልኝም። ደረጀ እየሳቀ አንዴ ከእኔ አንዴ ከእሳቸው ጋር ይሆናል፤ እትዬ ሐሊማ ቤቷ ሾርባ እየጠበቃት «ኧረ ልሂድ» እያለች አልሄደችም። መምህሩም እናቴም ሳያውቁት የከለከሉኝ ነገር ምን እንደነበር ያን ማታ ገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተሳስተሻል ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም ጨርሼ እስክናገር የጠበቀኝ የለም።

ከእናቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። መንገዱን ስናጋምስ ሳታየኝ ተናገረች።

«ሁላችሁም የተሳሳታችሁ ይመስለኛል። እንዲበላው አይደለም ዳቦውን ያስቀመጠችው። ሌሊት ተነሥታ ምድጃዋን አቀጣጥላ እንደ ሌላው ቀን እንደሠራች እንዲያይ ነው። እዚህ ነኝ፣ አልወደቅኩም ማለቷ ነው።» ቀጠለችም። «አባትሽ እንደሞተ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ያን ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ አልቀረሁም።»

ስለ አባቴ እንዲህ አድርጋ ነግራኝ አታውቅም ነበር። ልጠይቃት ፈለግሁ። «አ… አ… አ…» ብዬ ደጃችን ላይ ቆምኩ። እናቴ ቁልፉን አውጥታ ነበር። ስንት ቃል በ«አ» እንደሚጀምር እሷም ታውቃለች፤ ቃል አፏ ላይ ደርሶ ሊያመልጣት ሲል አየሁ። ግን ከንፈሯን ነክሳ፣ ነፋሱ ነጠላዋን እየገፈፈ፣ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አልቅሰሽ ነበር?»

«መንገድ ላይ» አለች። «መሥሪያ ቤቱ በር ስደርስ እጠርገው ነበር።»

በማግሥቱ መምህሩን ማንበብ እፈልጋለሁ አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አነበብኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት አነበብኩ፣ ዓመቱን ሙሉ አነበብኩ። ሳቁ በአንድ ቀን አልቆመም፣ ግን እኔም አልተቀመጥኩም።

ዛሬም እንተባተባለሁ። በተለይ ስልክ ላይ ይብሳል። የምሠራው በስንዴ ዘር ምርምር ሥራ ላይ ነው፤ በየስብሰባው ሪፖርት አቀርባለሁ፤ ተይዤ ስቆም ቃሉን ሊያቀብሉኝ የሚቸኩሉ ደጎች ዛሬም አሉ፣ እኔም አመስግኜ የራሴን እስካወጣ እቆያለሁ። ጋሽ መኮንን ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ትተዋል፤ ጎባ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ወር ሳይሞላ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። አሁን ፊልም የማየው በስልኬ ነው፣ እሳቸው ማየት ስላልቻሉ እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንዱን ለመጨረስ ከሰዓቱን ሙሉ ይፈጅብኛል።

ያኔ ሰኞ ሰኞ ከሰማኋቸው ፊልሞች አብዛኛውን ረስቻለሁ። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ ተደባልቆብኛል። የቀረልኝ ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ፣ አስቦበት፣ ዓይኔን እያየ «አልስማማም» ሲለኝ ልቤ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ወንበሬን አስጠግቼ ክርክሩን እጀምራለሁ።